ለፍልስፍና የተላክን ሽማግሌዎች

ባለፈው ቅዳሜ ከዴን ሃግ ባቡር ጣቢያ ወደ ትራንስቫል በሚወስደው ትራም ላይ ከፊት ለፊቴ እናትና ልጅ ተቀምጠው ነበር። ልጁ ጉልበቱ ላይ ነጭ የጨርቅ ከረጢት አስቀምጧል፤ ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ተማሪ በራቸውን በሚከፍቱበት በኦፕን ዳግ ለመጣው ሁሉ የሚያድሉት ዓይነት ነው። እናትየው አማርኛ የሚሰማ ሰው አጠገቧ ያለ አልመሰላትም መሰለኝ፣ ድምጿን ሳትቀንስ ፍልስፍና ተምሮ ማን እንደሚቀጥረው ጠየቀችው። ልጁ በደች መለሰላት፤ እሷ በአማርኛ ቀጠለች፤ እሱም በደች። እንዲሁ እየተባባሉ ገበያው ጋ ወረዱ። የእኔ መውረጃ ከእነሱ በፊት ነበር፤ እነሱን ሳዳምጥ አልፌዋለሁ። ዝናብ ስለነበር ትራሙ በእርጥብ ካፖርት ሽታ ታፍኗል። ያ የበሰበሰ ሱፍ ሽታ ደግሞ ምን ጊዜም ወደ አንድ ክረምት ነው የሚወስደኝ፤ እኔ፣ ሐጂ ይማምና ግርማ ሽማግሌ ሆነን ወደ ተላክንበት ክረምት። ሽማግሌ ስል ልጃገረድ ለመጠየቅ የሚላከውን ማለቴ ነው። ሙሽራው ግን ሰው አልነበረም።

ዘመኑ ዩሮ የገባ ሰሞን ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በዋጋና በልብስ ነው። ጊልደሩ፣ የድሮው የሆላንድ ገንዘብ፣ ከኪሳችን ወጥቶ ከአፋችን ገና አልወጣም ነበር። ገበያው ውስጥ የሞሮኮው ነጋዴ ዋጋውን በዩሮ ጽፎ በጊልደር ይጮሃል፤ እኛም በጊልደር ተከራክረን በዩሮ እንከፍላለን፤ መጨረሻ ላይ ማን ማንን እንደጎዳ የሚያውቅ የለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቅዳሜ ገበያው ሊበተን ሲል በአንዲት ባለ ሁለት ተኩል ጊልደር ሳንቲም አንድ ሳጥን ማንጎ ይገኝ ነበር፤ የታችኛው ረድፍ መበላሸቱን እያወቅን እንገዛለን። ትራም የሚኬደው በስትሪፐንካርት ነው፤ ረዥም ወረቀት ናት፣ እያጠፍን ለሹፌሩ እንሰጠዋለን፣ እሱ ማኅተም ይመታባታል። ከአዜሴ፣ ማለት ከስደተኞች መቀበያው፣ ወጥቶ የመጀመሪያ ደሞዝ የደረሰው ወንድ ሁሉ መጀመሪያ የሚገዛው የቆዳ ጃኬት ነበር፤ ሴቶቹ ደግሞ ትከሻው ሰፊ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የሱፍ ካፖርት። የእኔ ቡናማ ነበር። አምስተርዳም ቢልመር ሰፈር፣ ከሜትሮው ሐዲድ በታች ካለች ሱቅ ካሴት እንገዛለን፤ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ያመጣውን ሌላው ይቀዳል፣ ከዚያ ሌላው፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያንጎራጉር ይመስላል። ያንኑም እያጠነጠንን እናለቅስበት ነበር። አሁን ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ስልኬ ውስጥ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን አልከፍተውም።

ያኔ ቢልመር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ እኖር ነበር። ሥራዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ የሰው አገር ሽማግሌዎች አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ያኮረፈውን አግባብቼ አበላለሁ። አንድ ዓርብ ከሥራ ስገባ የሰይድ ልጅ ሀያት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ሰይድን የማውቀው ከአዜሴው ጊዜ ጀምሮ ነው፤ የወሎ ልጆች ነን፣ እኔ የደሴ፣ እሱ የወረባቦ። ሀያት ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ኮሪደሩ ላይ ስትሮጥ ስሟን የማይጠራ አልነበረም። አሁን ከዴን ሃግ ብቻዋን በባቡር መጥታ፣ ቀጭን ረዥም ሆና፣ ሻርፗ በዝናብ ርሶ ደጄ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ እንዳደጉት ልጆች ሁሉ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ"፣ "አንቺ" ነው የምትለው፤ እኔም ለምጄዋለሁ። ሻይ ሳፈላላት፣ "ዘይኑ፣ ለአባቴ ሽማግሌ ትሆኚልኛለሽ?" አለችኝ።

ልቤ ደነገጠ። ዕድሜዋ ገና ነው፤ የመጨረሻውን የትምህርት ዓመት አልጨረሰችም። ልጁ ማነው፣ የማን ልጅ ነው፣ እስላም ነው ወይ፣ ሥራ አለው ወይ ብዬ በጥያቄ ሳጣድፋት ሳቋ መጣ። ልጅ የለም አለችኝ። አባቷ ሕግ ተማሪ ብሏታል፤ እሷ ፍልስፍና መማር ትፈልጋለች። በትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተምራዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ሌላው ትምህርት ሁሉ ጨው የጎደለው ሆኖባታል። ለአባቷ ስትነግረው ጉዳዩን ድጋሚ እንዳታነሳበት ከልክሏታል። እናቷ ብትሞክር ተቆጥቷል። ስለዚህ አስባ አስባ፣ አባቷ እምቢ ሊለው የሚያፍረው ነገር ሽማግሌ ብቻ መሆኑ ታያት። በልጅነቷ ሠርግ ቤት ያየችውን ነገር ይዛ ነው የመጣችው። "ፍልስፍና ዘመድ የለውም፤ እናንተ ዘመዱ ሁኑለት" አለችኝ። በሳቅ ፈረስኩ፤ ከዚያ ፊቷን ሳየው ሳቄ ጠፋ። ልጅቷ ቀልድ ላይ አልነበረችም።

የሰይድን ነገር ልንገራችሁ፤ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። አዜሴው ውስጥ ሳለን የጥገኝነት ጥያቄው አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ተጥሎበታል። ሊያስወጡት ቀን ሲጠብቅ አንዲት አድቮካት፣ ማለት ጠበቃ፣ በብስክሌት የምትመጣ፣ ፀጉሯ ሁልጊዜ በዝናብ የራሰ ሴትዮ፣ ሁሉም ያለፈውን አንድ ነገር መዝገቡ ውስጥ አግኝታ ዳኛ ፊት ቆመችለት። ተፈቀደለት። ያን ቀን ሰይድ ሀያትን ትከሻው ላይ ተሸክሞ መመገቢያው አዳራሽ ገብቶ ልጄ አድቮካት ትሆናለች ብሎ ለሁላችን ነገረን። ሶማሌውም፣ ኢራናዊውም፣ እኛም አጨበጨብን። ከዚያ ወዲህ ሮተርዳም አጠገብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ መኪና እየነዳ፣ በብርድም በሌሊት ፈረቃም፣ ያን ቃሉን ነው ሲጠብቅ የኖረው። እምቢታው ከዚያ ነው የመጣው፤ እኔ አውቀዋለሁና ልፈርድበት አልቻልኩም።

ሽማግሌ ለማሟላት ተቸገርን። ሐጂ ይማም በዕድሜም በሃይማኖትም የተከበሩ ናቸው፤ ትራንስቫል ከሰይድ ሁለት መንገድ አልፎ ይኖራሉ፤ እሳቸውን እምቢ የሚል የለም። ሁለተኛው ግርማ ሆነ፤ ዞተርሜር የሚኖር፣ ቢሮ የሚሠራ፣ እሁድ እሁድ በትንሿ የጴንጤዎች ጉባኤ የሚያስተምር፣ አንደበቱ የተባረከ ሰው ነው፤ ሰይድ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ያስጠናው እሱ ስለነበር ሰይድ የእሱ ውለታ አለበት። ሦስተኛ ወንድ ጠፋ። አንዱ ሌሊት ይሠራል፣ አንዱ ከሰይድ ጋር ተኳርፏል። ሐጂ ይማም ቆይተው፣ ዘይነባ ትሁና አሉ። ሴት ሽማግሌ ተብሎ አያውቅም ብዬ ብከራከር፣ ፍልስፍና ሲሞሸርም ተሰምቶ አያውቅም ብለው ዘጉኝ። ግርማ እስከ ዛሬ "ሽማግሊት" እያለ ይጠራኛል።

መቼም ሽማግሌ ሲላክ ስለ ሙሽራው አጣርቶ ነው። እኛ ደግሞ ስለ ትምህርት ስናጣራ ሁላችንም የምናደርገውን አደረግን፤ አሜሪካ ደወልን። ግርማ እዚያ ወንድም አለው፤ ልጆቹ ሁሉ የተማሩ ናቸው። ቤልሃውስ፣ ያ ጠባብ ጠባብ የስልክ ሳጥኖች የነበሩት ሱቅ፣ ገብተን ሦስታችንም በአንዲት ሳጥን ውስጥ ተጨናንቀን፣ ግርማ ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጥፎ፣ እኛ ደግሞ ግርማን ተጠግተን አዳመጥን። ወንድምየው እንደዚህ ቀላል ነገር የለም አለ። ፍልስፍና ለሕግ የሚያዘጋጅ ዋነኛው ትምህርት ነው፤ ልጅቷ መጀመሪያ ፍልስፍናዋን ትጨርስ፣ ከዚያ ፈተና ተፈትና የሕግ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ እዚህ ያሉ ጠበቆች ግማሾቹ እንዲህ ነው ያለፉት። ግርማ ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ በርቶ ነበር። ለአባትየውም ለልጅቷም የሚሆን መንገድ በእጃችን ገባ። ከእኛ ውስጥ እዚህ ሆላንድ ያለ ሰው እንጠይቅ ያለ አልነበረም። ልጅቷን እንጠይቅ ያለማ ከየት ይመጣል፤ የሚጠየቅላት ልጅ መቼ ተጠይቃ ታውቃለች።

እሁድ ከሰዓት፣ ከግርማ ጉባኤ በኋላ፣ ሄድን። ሐጂ ይማም ነጭ ኮፍያቸውንና ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን፣ ግርማ ክራባት፣ እኔ ቡናማ ካፖርቴን ለብሰን፣ በራፉ ላይ ቆመን ግቡ ስንባል ገባን፣ ተቀመጡ ስንባል አልተቀመጥንም። ሰይድ ገባው፤ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ዓይኑ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ሀያት ከእናቷ ጋር እዚያ ነበረች፤ እንደ ደንቡ ከመዝጊያው ማዶ። ሐጂ ይማም ምርቃት አስቀድመው፣ ልጅዎን ለፍልስፍና እንዲሰጡን መጥተናል አሉት። ሰይድ መሳቅም መቆጣትም አቃተው። በመጨረሻ እሱም ደንቡን ይዞ ቀጠሮ ሰጠንና ባዶ እጃችንን ሸኘን። በቀጠሮው ስንመለስ ግርማ የአሜሪካውን መንገድ እንደ ስብከት አድርጎ፣ ደረጃ በደረጃ አቀረበለት። ሰይድ ብዙ ጠየቀ። በስተመጨረሻ፣ ፍልስፍናው ካለቀ በኋላ ሕግ ቤት እንደምትገባ ዋሱ ማነው አለ። ሦስታችንም እኛ ነን አልን። ሰጠ። ሐጂ ይማም ዱዓ አደረጉ፤ ከወጥ ቤቱ የሀያት የደስታ ለቅሶ ተሰማ፤ ያን ጊዜ ነው የተቀመጥነው። ሳምቡሳውን በልተን፣ ሻዩን ጠጥተን፣ የመንግሥት ሚኒስትሮች የሆንን ያህል ትከሻችንን ነፍተን ወጣን።

ልጃገረድ ከተሰጠች ደግሞ የምትሄድበትን ቤት ማየት ደንብ ነው። ቅዳሜ ሀያት ሮተርዳም ኦፕን ዳግ ስላለ እንሂድ ብላ አራታችንም ባቡር ተሳፈርን። ዝናቡ የጉድ ነበር፤ ካፖርቶቻችን እየተነኑ ፎርጎው ይሸታል። ግርማ ደስታው አልችለው ብሎ ከአባቷ ጋር የተስማማነውን ለሀያት ይዘረዝርላት ጀመር፤ መጀመሪያ ፍልስፍና፣ ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ የሕግ ትምህርት ቤት። የልጅቷ ፊት እያየሁት ደም ለቀቀው። ከመዝጊያው ማዶ የሰማችው ዱዓውን ብቻ ስለነበር፣ አባቷ ፍልስፍናን እንዲሁ፣ ያለ ምንም ነገር የፈቀደላት ነበር የመሰላት። ግርማ እስኪጨርስ ጠብቃ፣ "ጋሽ ግርማ፣ እዚህ አገር እንደዚያ አይደለም" አለችው። እሱ ወንድሙን ጠቀሰ። እሷ አገሩን ጠቀሰች። ሐጂ ይማም ጭቅጭቁን አቁመው፣ ደርሰን ባለቤቶቹን እንጠይቃለን አሉ።

ባለቤቶቹ ረዥም አዳራሽ ውስጥ በየጠረጴዛው ቆመዋል፤ ከረጢት ያድላሉ፣ ቡና ይቀዳሉ። የሕጉ ጠረጴዛ ጋ የነበረችው ሴትዮ ታጋሽ ነበረች። እኔ በደች እጠይቃታለሁ፣ ለሁለቱ በአማርኛ እመልሳለሁ። አድቮካት መሆን የሚፈልግ ሰው ሕግን ከባችለሩ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ነው የሚማረው አለች፤ ከዚያ የሕግ ማስተር፣ ከዚያ ቢሮ ገብቶ ሥልጠና። በፍልስፍና ዲፕሎማ ብቻ ወደ ሕግ ማስተሩ መግባት አይቻልም። ይህንንም ተረጎምኩላቸው። ግርማ ሴትዮዋ ጀማሪ ሳትሆን አትቀርም ብሎ ሌላ ሰው ፈለገ፤ ሌላውም ያንኑ አለው። ሦስት ዋሶች፣ ከረጢታችንን አንጠልጥለን፣ የሌለ መንገድ ሸጠን መምጣታችን ገባን። ሐጂ ይማም ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እኔ አፈርኩ፤ ሰይድ በልጁ ላይ የሚያወርደውን ሳስብ ደግሞ ፈራሁ።

ሀያት ግን አልተቀመጠችም። ከሕጉ ጠረጴዛ ወደ ፍልስፍናው፣ ከፍልስፍናው ወደ ሕጉ ትመላለሳለች፤ ታቋርጣቸዋለች፣ እንደገና ታስደግማቸዋለች። እኔ እንዲያ ጭንቅላቷ የደረቀ ልጅ አይቼ አላውቅም፤ ደስም አለኝ። ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ከአዳራሹ ያመጣቻቸውን ትንንሽ የስኳርና የሻይ እሽጎች ከመስኮቱ ሥር ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። ስኳሩ ሕግ ነው አለችን፤ ሻዩ ፍልስፍና። የመጀመሪያው ዓመት ስኳር ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የተወሰነ ነጥብ ያላመጣ ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ ይባረራል፤ እዚያ ላይ ቀልድ የለም። የውልና የመንግሥት ሕጉን ካለፈች በሁለተኛው ዓመት ሻይ ይጨመራል፤ ሎጂክ፣ ማለት ክርክር እንዴት እንደሚቆምና እንደሚወድቅ፣ ከዚያ ሥነ ምግባር። ሕጉ ተማሪው ራሱ እንዲመርጥ የሚተውለትን ቦታ በፍልስፍና ትሞላዋለች። የሕግ ፍልስፍና የሚባለውን ትምህርት ለሁለቱም እንዲቆጠርላት ትጠይቃለች፤ እዚያ ላይ አንድ ስኳርና አንድ ሻይ ደርባ አስቀመጠች። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎች ገንዘብ የሌለውን ሰው በነፃ የሚያማክሩበት የሕግ ሱቅ አለ፤ እዚያ ታገለግላለች፤ በችሎት ክርክር ውድድርም ትገባለች። ሌላው ሕግ ተማሪ ሲጨርስ እሷ ገና ትሆናለች፤ ይሁን። ለምን ይሄን ሁሉ መከራ፣ ሕጉን ብቻ አትማሪም ብላት፣ ሕጉ የሚለውን ማወቅ ብቻ እንደማይበቃት፣ ሕጉ ራሱ ልክ መሆን አለመሆኑን የምትጠይቅበትን መንገድ ማወቅ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ባቡሩ ደልፍት ላይ ሲቆም አንድ ስኳር ወደቀ፤ ሐጂ ይማም ጎንበስ ብለው አንስተው በቦታው መለሱላት።

ግርማ ለሰይድ አሁን አንነግረውም የሚል ሐሳብ አመጣ። ምዝገባው ሊዘጋ ሳምንት አልቀረውም፤ ትመዝገብ፣ ትጀምር፣ አባትየው ሕግ መማሯን ሲያይ ምን ቅር ይለዋል፤ እንዲያውም ከጠየቀው በላይ አገኘ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ወደዚያው ነበር። ሐጂ ይማም ግን ቤቱ በውሸት ገብተን ከሆነ በእውነት ልንወጣ ይገባል ብለው ቆረጡ። ሀያትም ከእሳቸው ጋር ሆነች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ በዚህኛው ጊዜ ወጥ ቤት እንደማትቀመጥ። ያ ነገር ለግርማም ለእኔም ከብዶን ነበር፤ ሽማግሌ ባለበት ልጅቷ ወጥታ ስትከራከር የት ይታያል። ሐጂ ይማም ግን እሺ አሏት።

በማግስቱ ከጉባኤው መልስ ያው ካፖርት፣ ያው ክራባት፣ ያው ኮፍያ። ሰይድ ለምስጋና የመጣን መስሎት በሳቅ ተቀበለን። ስንቆም ሳቁ ጠፋ። ግርማ ወንድነቱን ላመስግነው፣ ሳይሸፋፍን ነገረው፤ መንገዱ የአሜሪካ ነው፣ እዚህ የለም፣ ተሳስተን አሳስተንሃል፤ ልጅቷ ግን ሕጉንም ፍልስፍናውንም ጎን ለጎን ልትማር ትፈልጋለች። ሰይድ ቀስ ብሎ ተነሣ። ከአዜሴው ጀምሮ ስናውቀው እንዲያ ሆኖ አይተነው አናውቅም። የአንድ ሰፈር ሰው የሚያከብራቸው ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ ቆመው ዋስ ሆነው ዋሹኝ አለ፤ ነገሩ አልቋል፣ ልጅቷ ሕግ ትማራለች፣ የፍልስፍና ስም ከእንግዲህ በዚህ ቤት አይነሣም። እናትየው ከወጥ ቤቱ በር ላይ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ሀያት በአጠገቧ አልፋ መጥታ ከእኛ ጋር ቆመች፤ በእኔና በሐጂ ይማም መካከል።

ስለ ስኳሩና ስለ ሻዩ ትነግረዋለች፣ ትለምነዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ "አባዬ፣ እውነትህን ነው" አለችው። "ተሳስተው ነው የነገሩህ፣ አንተም በዚያ ተነሥተህ ነው እሺ ያልከው። በሕጉ መሠረት፣ ስህተት ላይ የቆመ ውል ሊፈርስ ይችላል። ቃልህ አይይዝህም። እኔም አልይዝህም።"

ተናደድኩ። ያ ሁሉ መንከራተት፣ ያ ሁሉ መቆም፣ እሷ መጥታ በገዛ እጇ ጉዳያችንን ለባለ ጋራ ሰጠችው። ግርማ ክንዴን ነካኝ። ሰይድ ራሱ ግራ ገባው፤ ለጠብ ተዘጋጅቶ ጠበኛ ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ወንበሩ መደገፊያ ላይ እጁን አሳርፎ ብዙ ካያት በኋላ፣ "የአንቺው ፍልስፍናስ? እሱስ ምን ይላል?" አላት።

"እሱ አይልም፤ ይጠይቃል" አለችው። "ያን ቀን እሺ ስትል፣ እሺ ያልከው ለምሆነው አድቮካት ነው ወይስ ለእኔ?"

 ታች መንገዱ ላይ ትራም ሲያልፍ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ሰይድ ወንበሩን ሳበ። ቁጭ አለ። ግንባሩን በመዳፉ ይዞ ሲቀመጥ ትከሻው ሲወርድ አየሁ፤ የዚያን ሁሉ ዓመት የመጋዘን ብርድ ያየሁበት ያን ጊዜ ነው፤ አሳዘነኝ። ሀያት ደግሞ እንባዋ እየወረደ ነው፤ ግን ንቅንቅ አላለችም፣ ጥያቄዋንም አልተወችም። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ሽማግሌ ነገር ያለሳልሳል፤ ሐጂ ይማም ግን ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ተክለው አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ እኛም እሳቸውን ተከተልን።

ሰይድ ቀና አለ። የተናገረው ለእሷ ነበር፤ እኛ በዚያ ቤት ውስጥ የሌለን ያህል።

"ለአንቺ ነው" አላት። "ሁለቱንም ተማሪ። ይከብድሻል፤ የከበደሽ ቀን ግን ሰው አትላኪብኝ። ራስሽ ነይ።"